ስለ ጃፓናዊቷ ሰዓሊ ኡኤሙራ ሾኤን በብዛት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለሷ ያወራሁት ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀኝ ያንኑ ስለሆነ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልመልሰው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እየቀነሳችሁ አትድከሙ።

ለመሆኑ ማናት?

የኪዮቶ ልጅ ናት። በ1875 ተወለደች፣ በ1949 በሳንባ ካንሰር ሞተች፣ 74 ዓመቷ ነበር። ቤተሰቦቿ ያወጡላት ስም ጹኔ ነው፣ ሾኤን የሚለው የሥዕል ስሟ ነው፣ የመጀመሪያ አስተማሪዋ ከራሱ ስም ቀንሶ የሰጣት። በባህላዊው የጃፓን አሳሳል፣ ማለትም በሐር ላይ በድንጋይ ቀለም በሚሰራው፣ የሴቶችን ሥዕል ከሰሩት መሀል ቁንጮ ከሚባሉት አንዷ ናት። በ1948 ጃፓን ለአርቲስትና ለምሁር የምትሰጠውን ትልቁን የባህል ኒሻን ስታገኝ ከሴት የመጀመሪያዋ ነበረች። የሞተችው ደግሞ በዓመቱ ነው።

በዛ ዘመን ሴት ልጅ እንዴት ሥዕል ትምህርት ቤት ገባች? ማን ፈቀደላት?

እናቷ። ስለ ሾኤን አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብትሉኝ እናቷን ያዙ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ሰው ስለ ሥዕሎቿ ሲያወራ "ቆንጆ ሴቶች ትስላለች" ብሎ ያልፋል፣ እኔ ግን እናትየዋን ሳያውቁ እነዛን ሥዕሎች ማየት ግማሹን ማየት ነው ብዬ ነው የማምነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አባቷ የሞተው እሷ ከመወለዷ ሁለት ወር ገደማ በፊት ነው፣ አላየችውም። እናቷ ናካኮ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች፣ ኪዮቶ መሀል ሺጆ የሚባለው ትልቅ መንገድ ላይ የሻይ ቅጠል ሱቅ ነበራቸውና ዘመድ ሁሉ እንደገና አግቢ፣ ሱቁን ተዪው ሲላት እምቢ ብላ ራሷ ሱቁን እያስተዳደረች፣ ማታ ማታ እየሰፋች ልጆቿን አሳደገች። ትንሿ ልጅ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ስትስል ነው የምትውለው። በ1887፣ 12 ዓመቷ ላይ፣ ኪዮቶ ያለው የመንግስት የሥዕል ትምህርት ቤት ስትገባ ዘመድ ጎረቤቱ "ሴት ልጅ ሥዕል ተምራ ምን ልትሆን ነው" ማለቱ አልቀረም፣ የዛን ጊዜ ሴት ልጅ የምትማረው ስፌትና የሻይ ሥነ ሥርዓት ነው እንጂ በሥዕል እንጀራ መብላት የወንድ ስራ ነበር። እናቷ ግን ልጄ የምትወደው ይሄን ነው ብላ ጸናች። ሾኤን አርጅታም ስለዚህ ትጽፍ ነበር፣ የሚያሳድጋት አባትም እናትም ያቺው አንዷ ሴት እንደነበረች።

በ15 ዓመቷ የሳለችውን ሥዕል የእንግሊዝ ልዑል ገዛው የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ?

እውነት ነው። በ1890 ቶኪዮ ኡኤኖ ላይ ሦስተኛው የሀገር አቀፍ ኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ተደርጎ ነበር፣ እዛ ላይ የአራቱን ወቅቶች ሴቶች የሚያሳይ ሥዕል አቀረበችና ተሸለመች። በአጋጣሚ የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ፣ የኮንኖት መስፍን ልዑል አርተር፣ ጃፓንን እየጎበኘ ነበር፣ አይቶ ገዛው። ጋዜጦች ተቀባበሉት፣ የኪዮቶዋ ተአምረኛ ልጅ ተባለች። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1893 የቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይም ሥራዋ ቀርቧል፣ በዛው ዓመት ግን ከጎረቤት የተነሳ እሳት ቤታቸውን በላው። ዝናው በአንድ በኩል፣ ቤት ማጣቱ በሌላ በኩል፣ 18 ዓመቷ ነው ይሄ ሁሉ ሲሆን።

ለምንድነው ሦስት አስተማሪ የቀያየረችው?

መጀመሪያ ሱዙኪ ሾኔን ነበር፣ ብሩሹ ኃይለኛ፣ ተራራና ዛፍ ሲስል የሚያስፈራ ሰው። ትምህርት ቤቱ ተማሪውን በአበባና በወፍ ነው የሚያስጀምረው፣ የሰው ሥዕል የሚመጣው በጣም ቆይቶ ነው፣ እሷ ደግሞ ሰው ካልሳልኩ አለች፣ ሾኔን አዝኖላት ለብቻው ከሚያስተምርበት ቤት እየመጣች እንድትስል ፈቀደላት፣ እሱ ከትምህርት ቤቱ ሲወጣም ተከትላው ወጣች። በ1893 ወደ ኮኖ ባይሬይ ሄደች፣ እሱ ደግሞ የተገላቢጦሽ፣ ለስላሳና ጥንቁቅ ነው። የሁለቱ ስታይል ስለማይገናኝ መሀል ላይ ግራ ተጋብታ ነበር፣ ቀስ እያለ ነው ከሁለቱም የሚሆናትን መርጣ የራሷን ያገኘችው። ባይሬይ በ1895 ሲሞት ታኬኡቺ ሴይሆ ጋር ገባች፣ በዘመኑ የኪዮቶ ትልቁ ሰዓሊ እሱ ነው።

ግን የእውነቱን ለመናገር ትልቁ ትምህርት ቤቷ ደብተሯ ነበር። የትም ትሂድ የድሮ ሥዕል ካየች በትንሹ እየገለበጠች ትይዛለች፣ ሙዚየም ብትሉ፣ ጨረታ ብትሉ፣ የሰው ቤት ብትሉ። ጊዮን በሚባለው የኪዮቶ የሰልፍ በዓል ሰሞን ነጋዴዎች በር ከፍተው በቤታቸው ያለውን ባለ ሥዕል መከለያ ለመንገደኛ ያሳያሉ፣ እሷ ታዲያ ሰው ሰልፉን ሲያይ ከቤት ቤት እየዞረች ፈቃድ ጠይቃ መከለያው ፊት ቁጭ ብላ ስትገለብጥ ትውላለች።

እነዚህ ሥዕሎች ህትመት ናቸው አይደል? እንደ ድሮው ጃፓናዊ ሰዓሊ እንደ ሆኩሳይ የማዕበል ሥዕል?

አይደሉም፣ ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል። የሆኩሳይ ማዕበል እንጨት ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ እየተረገጠ በብዛት የወጣ ነው። የሾኤን ዋና ሥራዎች ግን እያንዳንዳቸው አንድ ብቻ ናቸው፣ በእጅ፣ በአብዛኛው ሐር ላይ።

አሰራሩን ትንሽ ላስረዳ ምክንያቱም ያለሱ ለምን እንደዛ እንደሚያበሩ አይገባም። ቀለሙ ከቱቦ የሚጨመቅ ዘይት አይደለም። ሰማያዊውና አረንጓዴው የተፈጨ ማዕድን ነው፣ ድንጋይ። የሚገርመው ያው አንዱ ድንጋይ ሻከር ብሎ ሲፈጨው ጠቆር ያለ ቀለም ይሰጣል፣ እየላመ ሲሄድ ደግሞ እየነጣ ይሄዳል፣ ስለዚህ ከአንድ ማዕድን ብዙ ደረጃ ያለው ሰማያዊ ይወጣል። የፊቱ ነጭ ከኦይስተር ዛጎል የሚዘጋጅ ዱቄት ነው። ማያያዣው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚቀቀል ሙጫ ነው፣ የኛ የድሮ የቤተክርስቲያን ሰዓሊዎች ቀለማቸውን ራሳቸው እየደቆሱ ያዘጋጁት እንደነበረው ማለት ነው፣ ሱቅ ሄዶ መግዛት የለም። ሙጫው ከበዛ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ ይረግፋል፣ በዛ ላይ አየሩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ባህሪው ይለያያል።

ሐሩ ቀጭን ስለሆነ ከጀርባውም ይቀባል። ፊት ላይ ያለውን ነጭ ከኋላ ብትቀቢው ከፊት ለፊት ሲታይ በቆዳ ስር ያለ ብርሃን ይመስላል። እና አንዴ የተሳሳተ መስመር አይፋቅም። የፀጉሩን ጠርዝ ግንባር ላይ ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ እያንዳንዷ ፀጉር ለብቻዋ ተስላ ከቆዳው ጋር የምትቀላቀልበት ቦታ አለ፣ እሱን የሚያህል ከባድ ነገር የለም።

ሁሌ ሴት፣ ሁሌ ኪሞኖ። አይሰለችም?

መጀመሪያ ላይ እኔም የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ነው የመሰለኝ፣ ስለዚህ ጥያቄው አይገርመኝም። ግን ዝም ብላችሁ ሴቶቹ ምን እየሰሩ እንደሆነ እዩ። በጊዜው የቆንጆ ሴት ሥዕል የሚባለው ዘርፍ በወንዶች የተያዘ ነው፣ ሴቲቱም የምትታይ ነገር ናት። የሾኤን ሴቶች ግን አብዛኞቹ ተመልካቹን ከምንም አይቆጥሩትም፣ ስራ ላይ ናቸው ወይ ሀሳብ ላይ ናቸው፣ ይሰፋሉ፣ ያነባሉ፣ የበር ወረቀት ይጠግናሉ፣ በረዶ ውስጥ ጃንጥላቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የልብሱ ዓይነት፣ የፀጉሩ አሰራር፣ የቅንድቡ ሁኔታ ሁሉ የሴቲቱን ዕድሜና ኑሮ ይናገራል፣ ያገባች ናት፣ ያላገባች ናት፣ የነጋዴ ልጅ ናት፣ እሱን አጥንታ ነው የምትስለው። እሷ ስትወጣ ደግሞ ጃፓን በፍጥነት ወደ አውሮፓ ልብስ እየተቀየረች ነበር፣ በየቀኑ የሚጠፋ ነገር ነው ደብተሯ ላይ ስትይዝ የኖረችው።

"ነበልባል" የሚባለው ለምን እንደዛ ያስፈራል?

እህ፣ ብዙ ሰው ወደ ሷ ሥራ የሚገባው በዚህኛው በር ነው። በ1918 ያቀረበችው፣ ቁመቱ ወደ 1.9 ሜትር የሚጠጋ፣ አንዲት ሴት ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ የራሷን ፀጉር በጥርሷ የነከሰችበት፣ ኪሞኖዋ ላይ የዊስተሪያ አበባና የሸረሪት ድር ያለበት።

ሴትየዋ እመቤት ሮኩጆ ናት፣ ‹የገንጂ ታሪክ› ከሚባለው ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ድርሰት የመጣች። ከቅናት ብዛት በሕይወት እያለች መንፈሷ ከሥጋዋ እየወጣ የድርሰቱን ዋና ሰው የገንጂን ሚስት ያሰቃያል፣ ያውም እሷ ራሷ ሳትፈልገው። ታሪኩ ኖ በሚባለው በጭንብል የሚሰራ የጃፓን ቲያትር ውስጥም ይጫወታል፣ ሾኤን ደግሞ የኖን ዜማ የምትማር ሰው ነበረች። ሥዕሉን እየሰራች ተቸገረች፣ የፊቱ ነገር አልመጣ አላት፣ የኖ መምህሯን ኮንጎ ኢዋኦን ስትጠይቀው በቅናት የተቃጠለች ሴት ጭንብል ላይ የዓይኑ ነጭ ወርቅ እንደሚቀባ ነገራት፣ እሷም በሐሩ ጀርባ በኩል ዓይኑ ላይ ወርቅ አደረገችበት። ለዛ ነው ዓይኗ ላይ የሆነ የማይታወቅ ነገር ያለው፣ ስልክ ስክሪን ላይ ግን ያን ያህል አይታይም።

ስራ አልሄድላት ብሎ በቆመችበት ሰዓት ነው የሰራችው፣ በኋላም ለምን እንደዛ ያለ የሚዘገንን ሥዕል እንደሳለች ለራሷም እንደማይገባት ጽፋለች። ሰዎች ከፍቅር ሕይወቷ ጋር ያያይዙታል፣ ሊሆን ይችላል፣ ግን ከሱ ሦስት ዓመት ቀድማ በ1915 የሰራችው ሌላ ሥዕል አለ፣ በፍቅር አእምሮዋን የሳተች ሴት፣ ለሱ ብላ ኪዮቶ ኢዋኩራ ያለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሄዳ ሕሙማኑን ያጠናችበት፣ ቀጥሎም የኖ ጭንብል እያየች የሳለችበት። ስለዚህ ‹ነበልባል› በአንድ ሌሊት የፈነዳ ስሜት አይደለም፣ ዓመታት የተሰራበት መንገድ ነው።

አላገባችም? ልጁ የማን ነው?

አላገባችም። በ1902 ወንድ ልጅ ወለደች፣ ሺንታሮ፣ በኋላ ኡኤሙራ ሾኮ ተብሎ ትልቅ ሰዓሊ የሆነው። አባቱን በተመለከተ ብዙዎቹ የሚሉት የመጀመሪያ አስተማሪዋ ሱዙኪ ሾኔን ነው ነው፣ በ27 ዓመት ይበልጣታል፣ እሷ ግን በይፋ ተናግራ አታውቅም። በዛን ጊዜ ኪዮቶ ያለ ጋብቻ መውለድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ ያውም ስሟ የታወቀ ሴት። አፍ ያልከፈተ ሰው አልነበረም። እናቷ ግን እንደገና ከጎኗ ቆመች፣ ቤቱንና ልጁን ያዘችላት፣ እሷ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትስል ነበር። ሥዕሉ የተሰራው በሁለት ሴቶች ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

አንድ ሥዕሏ ላይ ሰው ሞነጫጭሮበታል የሚባለውስ?

በ1904 ነው። ኪዩ የምትባል የዮኮሃማ ሴተኛ አዳሪን፣ ለውጭ ሰው ከምሰጥ ብላ ራሷን አጠፋች የተባለችውን፣ ስላ ኪዮቶ ኤግዚቢሽን ላይ አቀረበች። አንዱ መጥቶ ሥዕሉ ላይ ባለችው ሴት ፊት በእርሳስ ሞነጫጨረበት። ማን እንደሆነ አልተያዘም፣ በስኬቷ የተቃጠለ ሰው ሳይሆን አይቀርም ተባለ። የሚገርመው የአዘጋጆቹ ነገር ነው፣ ሹክ ብለው መጥተሽ አስተካክይው አሏት። እሷም በንዴት አላስተካክልም፣ ጥበቃችሁን ሰው ይየው፣ እንዳለ ይሰቀል አለች።

የትኛው ነው ምርጡ ሥራዋ?

መጽሐፍ የሚላችሁ ‹ጆ ኖ ማይ› ነው፣ 1936። ቀይ ረጅም እጅጌ ያለው ኪሞኖ የለበሰች ወጣት ማራገቢያ ዘርግታ በጣም ዝግ ያለውን የኖ ጭፈራ ልትቀጥል ስትል፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ። ሞዴሏ የልጇ ሚስት ናት። በ2000 ጠቃሚ የባህል ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል፣ በ1965 ቴምብርም ወጥቶበታል። ጥሩ ነው፣ ጀርባዋ እንዴት ቀጥ እንዳለ እዩልኝ።

የኔ ግን ሌላ ነው። እናቷ በ1934 ሞተች፣ በዛው ዓመት ‹እናትና ልጅ›ን ሳለች፣ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ፣ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። የሴትየዋ ቅንድብ ተላጭቷል፣ የድሮ ጃፓን ሴት ስትወልድ እንደዛ ታደርግ ነበር፣ ቦታው ላይ ሰማያዊ የመሰለ ጥላ ይቀራል፣ ሾኤን ልጅ እያለች የእናቷ ፊት ላይ ይሄን ጥላ ስታይ ደስ ይላት እንደነበር ጽፋለች። ከዛ በኋላ እናቷ ከሥዕሎቿ አልወጣችም። በ1941 ‹አመሻሽ›፣ አንዲት ሴት ቤት ውስጥ ሲጨልምባት በወረቀት የተለበጠውን በር ከፈት አድርጋ የመጨረሻዋን ብርሃን እየተሻማች መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። በ1943 ‹የመኸር መገባደጃ›፣ ብርዱ ሳይመጣ የበሩን የተቀደደ ወረቀት በቁራጭ የምትለጥፍ ሴት። እነዚህ የልዕልት ሥራ አይደሉም፣ ማታ እየሰፋች ሱቅ የያዘች የመበለት ሥራ ናቸው። ‹አመሻሽ› ደግሞ ያለው ሙዚየም ሳይሆን ኪዮቶ ውስጥ ያለ አንድ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እጅ መሆኑ ሁሌ ደስ ይለኛል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምን ታደርግ ነበር?

ይሄን መዝለል ልክ አይሆንም። በ1941፣ 66 ዓመቷ ላይ፣ የጃፓን ጦር በያዘው የቻይና ክፍል ተጋብዛ ዞራለች፣ በ1944 ደግሞ የንጉሣዊው ቤት አርቲስት ተብላ ተሾመች፣ ከሴት ሁለተኛዋ ናት። መንግስቱ አርቲስቶችን ይጠቀምባቸው ነበር፣ እሷም እምቢ አላለችም። የዛን ሰሞን የሰራቻቸው ታዋቂ ሥዕሎች ግን ከላይ ያልኳችሁ ናቸው፣ መርፌና ወረቀት። ጦርነቱ ሲከፋ በ1945 ኪዮቶን ትታ ናራ አካባቢ ልጇ ወዳለው ቤት ሄደች፣ እስክትሞትም እዛው ነበረች።

ኢኬዳ ሾኤንም እሷ ናት?

አይደለችም። እኛ ፊደል ላይ ስማቸው አንድ ይመስላል እንጂ ኢኬዳ የቶኪዮ ሰዓሊ ናት፣ በ1917 በ31 ዓመቷ ነው የሞተችው። ከኦሳካዋ ሺማ ሴይኤን ጋር ሆነው የሦስቱ ከተሞች ሦስት ሴቶች እየተባሉ ይጠሩ ነበር።

ቤተሰቡ አሁንም ይስላል ይባላል?

ልጇ ሾኮ እስከ 2001 ኖረ፣ የልጅ ልጇ አትሱሺም ሰዓሊ ነበር፣ በ2024 ነው ያረፈው። ሁለቱም ወደ ወፍና አበባ ነው የሄዱት፣ ወፍ ናራ ቤታቸው እያረቡ እያዩ ነበር የሚስሉት። የባህል ኒሻኑን እሷ በ1948፣ ልጇ በ1984፣ የልጅ ልጇ በ2022 አግኝተዋል፣ ሦስት ትውልድ። ሴት መሳሉን ማንም አልቀጠለበትም፣ አልፈርድባቸውም፣ ማን ይደፍራል።

ጃፓን ብሄድ የት ላያት?

ናራ ያለው ሾሃኩ ሙዚየም፣ በ1994 የተከፈተ፣ የሦስቱ ትውልድ ቤት ማለት እሱ ነው፣ የ1915ቱ አእምሮዋን የሳተችው ሴት ያለችውም እዛ ነው። ቶኪዮ ከሆናችሁ ያማታኔ ሙዚየም 18 ሥራዎቿ አሉት። ‹ነበልባል› የቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ነው፣ ‹ጆ ኖ ማይ› እዛው ኡኤኖ ሰፈር የቶኪዮ የጥበብ ዩኒቨርሲቲ፣ ‹እናትና ልጅ› ደግሞ የቶኪዮ ብሔራዊ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም። ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሙዚየሞቹን ዌብሳይት እዩ፣ ሐርና የድንጋይ ቀለም ብርሃን ስለማይወዱ ሥዕሎቹ ዓመቱን ሙሉ አይሰቀሉም፣ ለጥቂት ሳምንት ወጥተው ተመልሰው መጋዘን ይገባሉ፣ ‹ነበልባል›ን ብለው ኡኤኖ ድረስ ሄደው ሌላ ሥዕል አይተው የተመለሱ ብዙ ናቸው።